ዐርብ ዐርብ በሆሳዕና

ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በወራቤ አድርጎ ወደ ሆሳዕና ለሚመጣ ሰው በ2017 ዓ.ም. መንገዱ ከዳር እስከ ዳር የጾም መንገድ ነበር። የኦርቶዶክሱ ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፤ ረመዳን የካቲት 22 ተከተለ፤ በላቲን ሥርዓት የምንመራው ካቶሊኮች ደግሞ የካቲት 26 ረቡዕ ግንባራችን ላይ አመድ ተደረገልን። ያን ሰሞን ስመለስ ወራቤ ላይ ፀሐይ ጠለቀች፤ ሹፌሩ ማንም ሳይጠይቀው ቆመ፤ ከኋላ የተቀመጡት ወጣቶች ተምር አዞሩ፤ ለእኔም ደረሰኝ። አጠገቤ የነበሩት የነጠላ ባለቤት እናት ጿሚ መሆናቸውን ተናግረው ተምሩን በመሐረባቸው ቋጠሩት።

ሆሳዕና ወደ 230 ኪሎ ሜትር ተጉዘው የሚያገኟት፣ ብርድ የማያጣት ደጋማ ከተማ ናት። የጥንት ስሟ ዋቸሞ ነው፤ ዛሬ ስሙን ዩኒቨርሲቲው ይዞታል። የአሁኑን ስም ያገኘችው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አገሩን ባስተዳደሩት በራስ አባተ ቧያለው ጊዜ ሲሆን፣ ራስ አባተ ወደዚህ የገቡት በሆሳዕና ዕለት ስለነበር ነው ይባላል። በእኛ ሥርዓት በጾሙ መግቢያ ግንባር ላይ የሚደረገው አመድ ካለፈው ዓመት የሆሳዕና ዘንባባ ተቃጥሎ የሚገኝ ነው። ይህን ለትምህርተ ክርስቶስ ልጆች ስነግራቸው፣ «እንግዲያው ከተማችንን ነው የምታቃጥሏት?» ብለው ሳቁብኝ።

ነሐሴ 2015 ላይ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። ጎፈር ሜዳ አካባቢ ከእኔ የሥራ ዘመን ጀምሮ የማውቃቸው የእንሰት ጓሮዎች አሁን የመስታወት ፎቆች ቆመውባቸዋል። የፎቆቹን ባለቤቶች ለሚጠይቅ እንግዳ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ደቡብ አፍሪካ ነው»። የዚህን መልስ ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በሀዲያና በከምባታ ብዙው ሕዝብ ወንጌላዊ ነው፤ በ1920ዎቹ መግቢያ የሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን ሰዎች ከገቡ ወዲህ እየሰፋ የመጣ እምነት ነው። በዚያው ዘመን አካባቢ የካፑቺን መነኮሳት ከሐረር ተልከው ወደ ከምባታ መጡ። የላኳቸው የሐረሩ ጳጳስ አቡነ እንድርያስ ዣሮሶ ናቸው፤ ልጅ ተፈሪን ያስተማሩት እሳቸው መሆናቸውን አያቶች ያስታውሱ ይሆናል። በዶዮገና በኩል ያለችው ዋሰራ ከመጀመሪያዎቹ የሚሲዮን ሥፍራዎች አንዷ ሆነች። ጣሊያን ሲገባ ፈረንሳውያኑ እንዲወጡ ተደረገ፤ ጣሊያን ሲባረር ደግሞ ጣሊያናውያኑ ሄዱ፤ እምነቱ ግን የአገሩን ሰው ይዞ ቆየ። በ2002 ዓ.ም. ር.ሊ.ጳ. ቤኔዲክቶስ 16ኛ ሆሳዕናን ከሶዶ ለይተው ራሷን የቻለች ሐዋርያዊ ሰበካ አደረጓት።

ነገሩን ወደ ኋላ ለሚስብ ሰው ግን ከዚያም በፊት የሀዲያ እጅ አለበት። የከተማዋ ትልቁ ሆስፒታል የተሰየመላቸው ንግሥት እሌኒ የሀዲያው ገራድ የመሐመድ ልጅ ነበሩ። ወደ ቤተ መንግሥት ገብተው ክርስቲያን ሆኑ፤ በኋላም ለሕፃኑ ለዐፄ ልብነ ድንግል እንደራሴ ሆነው አገር አስተዳደሩ። ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ የላኩት እሳቸው ናቸው። በፈረንጆች 1520 የመጣው የፖርቱጋል ልዑክ ካህን አልቫሬዝ የኢትዮጵያውያንን የዐቢይ ጾም ጥብቅነት እየተደነቀ ጽፎ ሄዷል። አንድ የካቶሊክ ካህን የእኛን ጾም አይቶ የተደነቀበትን ያን ጊዜ ሳስብ፣ ዛሬ «ጾም እኮ የልብ ነው» እየተባለ በየምግብ ቤቱ ክትፎ የሚያዝበትን ዐርብ እታዘባለሁ።

ሕጉ በእርግጥ ቀላል ነው። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና ከ14 ዓመት ጀምሮ ዐርብ ዐርብ ከሥጋ መከልከልን፣ ከ18 ዓመት እስከ 59 ደግሞ በዐመድ ረቡዕና በስቅለት መጾምን ያዛል። እኔን ሕጉ በዕድሜ አሰናብቶኛል። ግን በዚህ አገር ሰው ከጎረቤቱ አንሶ አይጾምም፤ ቅቤ ከቤት ይወጣል፣ አታካናው ይቀራል፣ ቆጮው በጎመንና በባቄላ ይበላል። በጤና ባለሙያነቴ የምጨምረው ጥቂት ነው። ቆጮና ቡላ ኃይል ሰጪ እንጂ ገንቢነታቸው አነስተኛ ስለሆነ ባቄላ፣ ምስርና ሽሮ ከገበታ አይጥፉ። የስኳር ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ አያቶች መድኃኒቱን ውጠው ምግብ አያዘግዩ፤ ማላብ፣ መንቀጥቀጥና መቀባዠር ከመጣ የሚጣፍጥ ነገር ወዲያው ይቅመሱ። ያረገዘችና የምታጠባ እናት ቤተክርስቲያን ራሷ ያላስገደደቻትን ጾም አማቷ አታስገድዳት። ይህን ስል ቀሳውስቱ አይቃወሙኝም፤ የሚቃወሙኝ አማቶች ናቸው።

በጾሙ ሰሞን ቤተክርስቲያናችን ይቀየራል። አበባው ከመንበሩ ይነሣል፤ ልብሰ ተክህኖው ሐምራዊ ይሆናል፤ ሃሌ ሉያ አይባልም። ዐርብ ከሰዓት በኋላ ፍኖተ መስቀል ይደረጋል፤ 14ቱን ማረፊያ ከፒላጦስ ፍርድ እስከ መቃብሩ ድረስ እየቆምን፣ እየተንበረከክን እንሄዳለን። ጉልበቱ የማይታጠፍለት አዛውንት ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። አንዱ ጸሎት በአማርኛ ይጀመርና መልሱ በሀዲይሳ ይመጣል፤ ከምባታ ወረድ ካሉ በከምባትኛ። በየጥጉ ከሚጠብቁት ባጃጆች አንዱ ሙዚቃውን ሲያስጮህ ሌላው ሾፌር ይገስጸዋል። ገሳጩ አብዛኛውን ጊዜ ወንጌላዊ ነው።

ዘንድሮ የመዘምራኑ ልጆች ሐሳብ አቀረቡ። 14ቱ ማረፊያ በሰባት ይጠቃለል፣ በተረፈው ጊዜ በኪቦርድ የታገዘ የመዝሙር መርሐ ግብር ይሁን አሉ። አቅራቢው ጨዋ ልጅ ነው፤ የተወለደ ቀን ክብደቱን የመዘንኩት እኔ ነኝ። «ሲስተር፣» አለኝ፣ (ነርስ ሁሉ በዚህ አገር ሲስተር ነው፤ በቤተክርስቲያን ግቢ ግን ገዳማዊት መስያቸው ጉልበቴን የሳሙ እንግዶች አሉ) «ጓደኞቼ ማታ ማታ ወደ ጎረቤት አዳራሽ እየሄዱብኝ ነው። እዚያ ይዘመራል፣ ይጨፈራል፣ ለችግራቸው ይጸለይላቸዋል። እኛ ጋ ተንበርክኮ መነሣት ብቻ ነው።» የተናገረው እውነት ነው፤ ወጣቱ መሄዱን ከወንበሮቹ ማየት ይቻላል። እኔ ግን ተቃወምኩ፤ አሁንም እቃወማለሁ። ምክንያቴ የቀድሞ ሥርዓት ናፍቆት ብቻ አይደለም። ዐርብ ዐርብ ከጀርባዬ የሚንበረከኩትን እናቶች ስለማውቃቸው ነው።

የሀዲያና የከምባታ ልጆች ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄድ ከጀመሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል። ሆሳዕና ላይ አንድ የውጭ ሰባኪ «የደቡብ በር ይከፈትላችኋል» ብሎ ትንቢት ተናግሮ ነበር እየተባለ ይወራል፤ ጉዳዩን ያጠኑ ምሁራንም ጽፈውታል። በሩ ለብዙዎች ተከፍቷል፤ ሱቅ ከፍተው፣ ወንድም አስተምረው፣ ለእናታቸው ቤት ሠርተዋል። መንገዱ ግን በሞያሌ አድርጎ ኬንያን፣ ታንዛንያን፣ ማላዊን፣ ሞዛምቢክን የሚያቋርጥ የደላላ መንገድ ነው። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ፣ ቴቴ በተባለው ክፍለ ሀገር፣ አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የወጡት 14 ነበሩ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር፤ ኮሮና አገራችን ከገባ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላውም፤ ሰው ሁሉ እጁን ይታጠብ ነበር። ጥቅምት 2015 ማላዊ ውስጥ ምዚምባ በተባለ ቦታ የጅምላ መቃብር ተገኘ፤ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 2 ቀን ዛምቢያ ውስጥ፣ ከሉሳካ ወጣ ብሎ፣ 27 አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። ያን ሰሞን እዚህ ከተማ ውስጥ ስልክ ያልደወለ ቤት አልነበረም።

አንዳንዱ ቤት እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። ልጁ መሞቱን የነገረው የለም፤ መኖሩንም የነገረው የለም። ድንኳን አይተከል፣ ዕድሩ አይጠራ፣ ለቅሶ ደራሽ አይመጣ። ጤና ጣቢያ ሳለሁ እንቅልፍ አጣሁ፣ ራሴን ያዞረኛል እያሉ የሚመጡ እናቶችን ደም ግፊታቸውን ለክቼ ክኒን እሰጥ ነበር። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ነው «ልጁ ስልኩ ዝግ ነው» የሚሉት። ስንት ጊዜ ሆነው ሲባሉ «ሦስተኛ ፋሲካው» ይላሉ።

በፍኖተ መስቀል አራተኛው ማረፊያ ላይ ጌታ ተሸክሞ ሲሄድ እናቱን ያገኛታል። እዚያ ላይ እናቶቹ ሁሉ ድምፅ አውጥተው ያለቅሳሉ፤ ልጁ በሰላም ያለ እናት ሳትቀር። 13ኛው ላይ አስከሬኑን አውርደው በእናቱ እቅፍ ያኖሩታል። እዚህ ላይ ድምፁ ይቀንሳል። የምላቸው እናቶች እዚህ ላይ አያለቅሱም፤ መሬቱን ነው የሚያዩት። እነሱ ያላገኙት ይህን ነውና። በሰባት ይጠቃለል በተባለው ረቂቅ ውስጥ 13ኛው ከተዘለሉት አንዱ ነበር። ልጁ ሆን ብሎ አልዘለለውም፤ ከ12ኛውና ከ14ኛው ጋር ይደጋገማል ብሎ ነው። በስብሰባው ላይ ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ዝም አለ። እሱም ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ከዐመድ ረቡዕ ጀምሮ የሮም ዜናም አብሮን ሰነበተ። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ የካቲት 7 ሆስፒታል ገቡ፤ ሁለቱም ሳንባቸው በሳንባ ምች ተይዞ ነበር። ዕድሜያቸው 88 ነበር፤ በወጣትነታቸው ከሳንባቸው ክፍል ተቆርጦ የወጣላቸው ሰው ነበሩ። ለሙያው ቅርብ የሆንን ሰዎች የሐኪሞቹን መግለጫ እያነበብን ራስ መነቅነቅ ጀምረን ነበር። በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ለእሳቸው የመቁጠሪያ ጸሎት የተጀመረው የካቲት 17 ማታ፣ ማለትም በአገራችን ዐቢይ ጾም በተያዘበት ዕለት ነው። እኛም በየቁምስናው ደገምን። አልደብቅም፤ በአንዳንድ ውሳኔዎቻቸው አልተስማማሁም። ሐምሌ 2013 የቀድሞውን የላቲን ቅዳሴ የገደቡበት ደብዳቤ ለእኔ ቢጤ አሮጊት የሚዋጥ አልነበረም፤ ልጅ ሆኜ ትርጉሙን ሳላውቅ የሰማሁት ዜማ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ሆኖም እኚሁ አባት በተመረጡበት ዓመት፣ ሐምሌ 1 ቀን 2005፣ ከሮም ውጭ የመጀመሪያ ጉዟቸውን ያደረጉት ወደ ላምፔዱዛ ደሴት መሆኑን አልረሳም። ባሕር ውስጥ ለሰጠሙት ስደተኞች አበባ ወደ ውኃው ጣሉ። መቃብር ለሌለው ሰው ለቅሶ መድረስ ማለት ይህ ነው፤ ከአንድ ቅዳሴ ክርክር የሚበልጥብኝም ይህ ነው።

መጋቢት 14 ከሆስፒታል ወጡ። መጋቢት 28 ደግሞ የሕሙማንና የጤና ባለሙያዎች ኢዮቤልዩ በሚከበርበት ዕለት በተሽከርካሪ ወንበር፣ የኦክስጅን ቱቦ በአፍንጫቸው ሳለ ወደ አደባባዩ ብቅ አሉ። በቴሌቪዥን ያየሁት ቱቦውን ነው፤ ሕመምተኛ ቱቦውን ሳይደብቅ ሰው ፊት ሲወጣ ማየት ለእኛ ለነርሶች ትልቅ ነገር ነው።

ይኸው ጾም ሌላም ዜና አመጣብን። የአሜሪካ አዲሱ አስተዳደር ጥር 12 የውጭ እርዳታን ለ90 ቀን አገደ፤ ከዚያም አብዛኛውን ሰረዘው። በዚህ ገንዘብ የተቀጠሩ ወደ 5000 የሚጠጉ የጤና ሠራተኞች ውል መቋረጡ ተዘገበ። የካቶሊክ የእርዳታ ድርጅቶችም ከዚሁ ምንጭ ብዙ ይጠጡ ነበር። ከእኔ በኋላ ወደ ሥራ የገቡ፣ የኤች.አይ.ቪ. ታካሚዎችን ቤት ለቤት ይከታተሉ የነበሩ ልጆች ቤታቸው ተቀመጡ። ከመካከላቸው አንዱ «አሁን እኔም ወደ ደቡብ ልሄድ ነው» ያለኝ እየቀለደ መስሎኝ ነበር። አልቀለደም።

ባለፈው ሳምንት ወደ ዱራሜ ወረድኩ። በአንጋጫ በኩል ሲኬድ የአምበርቾ ተራራ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በቅርቡ 777 ደረጃዎች ተሠርተውለት ወጣቱ እየወጣ ፎቶ ይነሣበታል። በመንገዱ ግራና ቀኝ እንሰቱ፣ ባሕር ዛፉ፣ በእበት የተለሰነው ቤት፣ ከጎኑ ደግሞ በር ያልተገጠመለት፣ ብረቱ ሰማይ ሰማይ የሚያይ የብሎኬት ቤት። ያላለቀ ቤት ባየሁ ቁጥር ገንዘቡ ለምን እንደቆመ አስባለሁ።

ዱራሜ የሄድኩት የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬን ልጠይቅ ነው። ጋሼ ብዬ ነው የምጠራቸው፤ በጤና ጣቢያው የክትባት ሥራ አብረን የገጠሩን መንገድ በእግር የጨረስን ሰው ናቸው። የመጀመሪያ ልጃቸው ከወጣ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ የመጨረሻ ድምፁን የሰሙት ከታንዛንያ ነው። ቡና ከተጠጣ በኋላ ሁለተኛው ልጃቸው ከፋሲካ በኋላ ሊሄድ መሆኑን ነገሩኝ። ባሕር ዛፉ ለመቆረጥ ዋጋ ተነግሮለታል፤ በሬው ይሸጣል፤ የቀረው ከዘመድ ይሰበሰባል።

«ሲስተር፣ አንቺ አባን ታውቂያቸዋለሽ። ከመሄዱ በፊት ይባርኩልኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የትልቁን ሳናውቅ?»

«የትልቁን ሳናውቅ ነው እንጂ። እሱ ሄዶ ይፈልገዋል።»

ይህን መልስ አልጠበቅሁም። ስለ ገንዘብ፣ ስለ ሥራ ማጣት ቢያወሩኝ የምለው ነበረኝ። ልጃቸውም በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ይሰማን ነበር፤ ዲፕሎማ አለው፣ በባጃጅ ይሠራል፣ ቤንዚን ሲጠፋ ቀኑን ሰልፍ ላይ ይውላል። «ወንድሜን ላምጣው ካልኩ ማን ይከለክለኛል?» አለኝ። የማውቀውን ቴቴን፣ ሉሳካን ነገርኩት። ያውቃል፤ ከእኔ የበለጠ ያውቃል፤ በስልኩ የቪዲዮ ክምችት አለው። ቀድሜ ያልሰማሁትን ነገር ግን አንድ ጊዜ ሲናገር ሰማሁ። በቤታቸው ስለ ወንድሙ አይወራም፤ ቢወራ እናቱ «ሙታችኋል በሉኝ» ብላ ትነሣለች፤ ስለዚህ ዝም ይባላል። «ዝምታውን አልቻልኩትም» አለኝ።

ሆሳዕና ስመለስ ለቆሞሱ ነገርኳቸው። በረከቱን አልጠየቅኩም። ካህን የደላላን ጉዞ መባረክ የለበትም ባይ ነኝ፤ በአንዳንድ ቦታ ግን ይደረጋል፤ እናት እያለቀሰች ስትለምን እምቢ ማለት ቀላል እንዳልሆነም አውቃለሁ። የጠየቅኩት ሌላ ነገር ነው። በስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 10፣ በ14ኛው ማረፊያ ላይ መቃብር ያላገኙት ልጆች ስም ይነበብ፤ የክርስትና ስማቸው ብቻ። አባ ጥቂት አሰቡና እሺ አሉ። ኪቦርዱን ያመጣው ልጅ ስሞቹን የመሰብሰብ ሥራ ተሰጠው።

የትምህርት ቤት ደብተር ገዝቶ በቁምስናው ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። በመጀመሪያው ቀን አንድም ሰው አልጻፈም። በሁለተኛው አንዲት እናት መጣች፤ ፊደል ስለማታውቅ እሱ ጻፈላት። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቶቻችን ወንጌላውያንም መጡ፤ «ስም ማንበብ በእኛ ዘንድ ልማድ አይደለም፣ ግን የእኛም ይጻፍ» አሉ። አንድ የሀላባ ሰው ደግሞ የልጃቸውን ስም ይዘው መጥተው የክርስትና ስም እንደሌለው ገለጹ። አባ እንዲጻፍ አዘዙ።

እኛ የኢትዮጵያ ካቶሊኮች ትንሣኤን ምንጊዜም ከኦርቶዶክስ ወገኖቻችን ጋር ነው የምናከብረው፤ ዘንድሮ ሮምም ቀኑ ገጥሞላት ሚያዝያ 12 አብራን ትውላለች። ነገ ግን ገና ሆሳዕና ነው፤ ገበያው ዛሬ በዘንባባ ተሞልቷል፤ ልጆች ቀለበት እየሠሩ ይሸጣሉ።

ጋሼ ትናንት ከዱራሜ መጥተው ነበር። ልጃቸውም አብሯቸው ነበር፤ ቦርሳ አልያዘም፤ ስለ ጉዞውም እኔ አልጠየቅኩ፣ እሱም አልነገረኝ። ደብተሩን ገልጠው ብዙ ቆዩ። ከዚያ የትልቁን ልጅ ስም ራሳቸው ጻፉና ከፊቱ የጥያቄ ምልክት አደረጉ። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሲስተር፣ ምልክት ያለባቸው ስንት ናቸው?» አለኝ። ገጹን ገልጠን ቆጠርን፤ ከግማሽ በላይ ናቸው። አባ አሁን እነሱን ለብቻ በሌላ ገጽ ላይ ሊጽፏቸው ነው፤ ከ14ኛው ሳይሆን ከአራተኛው ማረፊያ ጋር እንዲነበቡ።